ወደ ላይ የሚያመለክተው ቀስት

በቻይና ለትምህርት በቆየንበት ጊዜ የተሰጠንን የአንድ ሳምንት ዕረፍት እንዴት እናሳልፈው በማለት ስንመካከር፣ ከመካከላችን አንዱ «የወንዝ አገር ልጆች ነን፤ ወንዝ እንይ» አለ። ክርክሩም በዚሁ ተዘጋ። ሦስት መኮንኖች ሆነን፣ አብዛኞቹ ጡረተኞች ከሆኑበት የቻይናውያን የጉብኝት ቡድን ጋር ተቀላቅለን፣ ከቾንግቺንግ ከተማ እስከ ይቻንግ ድረስ በያንግትዜ ወንዝ ላይ አራት ቀንና ሦስት ሌሊት ተጓዝን። የቤተሰብ ዓምድ አዘጋጆች ስለ ጉዞው እንድንጽፍ በጠየቁን ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብነው የገደሉን ውበትና የግድቡን ግዝፈት ለመግለጽ ነበር። ስለ ሁለቱም እንጽፋለን። ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ በአእምሯችን የቀረው በመርከቡ ላይ ያገኘናቸው የአንድ አዛውንትና የባለቤታቸው ጉዳይ ስለሆነ፣ አንባብያን እስከዚያ ድረስ እንዲታገሡን እንጠይቃለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቻይናውያን ወንዙን ቻንግ ጂያንግ ይሉታል፤ ረጅሙ ወንዝ ማለት ነው። ከቲቤት ደጋ ተነሥቶ ሻንግሃይ አጠገብ ከባሕር እስኪቀላቀል ድረስ 6,300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በዓለም ላይ ከእርሱ የሚረዝሙት የኛው ዐባይ የሚገብርለት ናይልና የደቡብ አሜሪካው አማዞን ብቻ ናቸው።

ቾንግቺንግ በተራራ ላይ የተሠራች፣ መንገዷ ሁሉ ደረጃ የሆነ ከተማ ናት። በሌሎቹ የቻይና ከተሞች ብዙ ብስክሌት ያየ ሰው እዚህ ሲመጣ ብስክሌት ያጣል፤ ዳገቱ አይፈቅድማ። ቻይና ከጃፓን ጋር በተዋጋችባቸው ዓመታት የመንግሥት መቀመጫ ስለ ነበረች የጃፓን አውሮፕላኖች ለዓመታት ደብድበዋታል። ጂያሊንግ የሚባለው ገባር ወንዝ ከያንግትዜ ጋር በሚገናኝበት በቻውትየንመን ወደብ ቆመን ቁልቁል ስንመለከት፣ የአንዱ ውሃ አረንጓዴ የሌላው ቡናማ ሆኖ ለጥቂት ርቀት ሳይደባለቁ ጎን ለጎን ሲፈሱ አየን። ሻንጣችንን ወደ መርከቡ ያወረዱልን «ባንግባንግ» የሚባሉት ተሸካሚዎች ናቸው፤ በትከሻቸው ላይ የቀርከሃ በትር አጋድመው በሁለቱ ጫፎች ሸክም ያንጠለጥላሉ። ዛሬ መኪናውና ሊፍቱ ሥራቸውን ስለ ወሰደባቸው ቁጥራቸው በጣም ተመናምኗል። እኛን ያገለገሉን ሰው ዕድሜያቸው ከስድሳ የሚያንስ አልመሰለንም። ሻንጣውን ራሳችን ልንይዝ ብንል ተቆጡን።

መርከቡ ባለ አምስት ፎቅ ነው። ገና መልሕቅ ሳይነሣ ሁላችንም የሕይወት አድን ሰደርያ ለብሰን በላይኛው ወለል ላይ እንድንሰለፍ ታዘዝን። ቢጫ ቆብ ያደረጉት የቡድናችን ጡረተኞች እስከዚያ ድረስ እንደ ተማሪ ሲሳሳቁና ሲገፋፉ ቆይተው ነበር። ሰደርያው በእጃቸው በገባ ጊዜ ግን ሁሉም ዝም አሉ። ምክንያቱን አስጎብኚያችን ወጣት ሴት ቆየት ብላ ነገረችን። በጁን 1 ቀን 2015 ምሽት «የምሥራቅ ኮከብ» የተባለችው መርከብ ልክ እንደኛው ያለ የጡረተኞች የጉብኝት ቡድን አሳፍራ ከናንጂንግ ወደ ቾንግቺንግ ስትወጣ፣ በሁቤይ ክፍለ ሀገር ጂየንሊ አጠገብ ከባድ ዝናብ የቀላቀለ ድንገተኛ ዐውሎ ነፋስ ገለበጣት። በላይዋ ከነበሩት 454 ሰዎች የተረፉት 12 ብቻ ናቸው።

ከነዚያ ከ12ቱ ሁለቱን ስላተረፈው ወታደር ለዚህ ጋዜጣ አንባብያን ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ጓን ዶንግ ይባላል፤ ያኔ የ24 ዓመት ወጣት የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበር። በማግሥቱ ከተገለበጠችው መርከብ ሆድ ውስጥ በጨለማ እየዳበሰ ገብቶ በመጀመሪያ አንዲት የ65 ዓመት አዛውንት አወጣ። ተመልሶ ገብቶ ደግሞ ከሞተር ክፍሉ አካባቢ የተቀረቀረ ወጣት መርከበኛ አገኘ። የራሱን መተንፈሻ አውልቆ ለወጣቱ አለበሰው፤ እርሱ ራሱ በጭንቅ ወደ ላይ ወጣ። አስጎብኚያችን ይህን ስትተርክ ማሰሪያውን በትክክል አስረን እንደ ሆነ አንድ በአንድ እየነካች ትመረምር ነበር።

እራት ላይ በሚሽከረከር ክብ ገበታ ዙሪያ ተቀመጥን። የቾንግቺንግ ሰዎች በሚፈላ ቀይ ዘይት ውስጥ ሥጋና ቅጠላ ቅጠል እየነከሩ የሚበሉት ምግብ አላቸው። እኛም በርበሬና ሚጥሚጣ ያሳደገን ሰዎች ምን እንሆናለን ብለን ተዳፈርን። የነሱ ቅመም ግን ከማቃጠል ይልቅ ያደነዝዛል፤ ከንፈራችንና ምላሳችን የኛ መሆናቸውን እስክንጠራጠር ድረስ ደነዘዙ። ገበታው በሳቅ ተሞላ። በዚያን ጊዜ ከፔርሙዛቸው ሙቅ ውሃ ቀድተው ያቀረቡልን፣ ከዝምተኛ ባለቤታቸው ጎን የተቀመጡት ሴት አዛውንት ነበሩ። «ልጆቼ፣ ሩዝ ብሉበት» አሉን።

በሁለተኛው ቀን ያየነውን በአጭሩ እናልፈዋለን። ሺባውጃይ የሚባለው ከገደል ላይ ተለጥፎ የተሠራ ባለ 12 ደርብ ቀይ የእንጨት ሕንፃ፣ ግድቡ ውሃውን ከፍ ባደረገው ጊዜ እንዳይሰጥም ዙሪያው በግንብ ታጥሮ ዛሬ በውሃ መካከል እንደ ሳህን ውስጥ ተቀምጧል። ከዚህ ይልቅ የደነቀን በሌሊት ያለፍነው የፉሊንግ ጉዳይ ነው። እዚያ ከወንዙ ሥር ባለ ዓለት ላይ የተቀረጹ ዓሣዎች አሉ። የጥንት ሰዎች ወንዙ በበጋ ሲጎድል ውሃው ከዓሣዎቹ ዐይን ምን ያህል እንደ ራቀ እየለኩ ለ1,200 ዓመታት ያህል በዓለቱ ላይ ሲጽፉ ኖረዋል። ዓሣዎቹ ብቅ ያሉበት ዓመት የጥጋብ ዓመት ነው ይባል ነበር። ዛሬ ከእንግዲህ ብቅ አይሉም። በ2009 የተከፈተው ሙዚየም ጎብኚውን 40 ሜትር ያህል ከውሃው በታች አውርዶ በመስኮት ያሳየዋል።

በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ሦስቱ ሸለቆዎች ወደሚባለው ቦታ ደረስን። የመጀመሪያው ቹታንግ ነው፤ ርዝመቱ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ነገር ግን በግራና በቀኝ የቆሙት ገደሎች ወንዙን እንደ በር መቃን ጨብጠው ይዘውታል። ኩይመን የሚባለው ይህ በር በቻይና የ10 ዩዋን ኖት ጀርባ ላይ ታትሟል። አስጎብኚያችን ባንዲራዋን ባነሣች ጊዜ መቶ የሚሆኑ ጡረተኞች በአንድነት ከኪሳቸው 10 ዩዋን አውጥተው ኖቱን ከገደሉ ጋር እያስተያዩ ፎቶግራፍ ይነሡ ጀመር። እኛም ተበድረን ተነሣን።

ከዚያ ቀጥሎ የዉሻን ከተማና 45 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የዉ ሸለቆ መጣ። ወቅቱ ኅዳር ስለ ነበር ከገደሉ ላይ ያለው ቁጥቋጦ ቅጠሉ ደም መስሏል፤ ጉሙም ከገደሉ ወገብ ላይ እንደ ነጠላ ተጥሏል። ሰዉ ሁሉ ሲጮህ እነዚያ ሁለት አዛውንት ብቻ ከመርከቡ ቀኝ ጎን ብረቱን ይዘው ዝም ብለው ቆመው ነበር። ቀርበን ሰላምታ ሰጠናቸው። በዚያን ጊዜ ነው ባልየው «እናንተ ወታደሮች ናችሁ አይደል? አቋቋማችሁ ይናገራል» ያሉን። ግማሹን በኛ ጎዶሎ ቻይንኛ፣ ግማሹን በአስጎብኚያችን አስተርጓሚነት የሚከተለውን ነገሩን።

በወጣትነታቸው፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በዚሁ ሸለቆ ገደል ላይ የምልክት ዘብ ነበሩ። ግድቡ ከመሠራቱ በፊት መተላለፊያው በብዙ ቦታ ጠባብና ጠመዝማዛ፣ ከውሃው ሥርም ዓለት የተሸሸገበት ስለ ነበር፣ የሚወጣና የሚወርድ መርከብ ጎን ለጎን መተላለፍ አይችሉም። የታጠፈው ገደል ደግሞ አንዱን ከሌላው ይሰውረዋል። ስለዚህ በየከፍታው ላይ የምልክት ጣቢያዎች ተሠሩ። ተረኛው ግራና ቀኙን እየተመለከተ በረጅም ምሰሶ ላይ ትልቅ ቀስት ይሰቅላል። የቀስቱ ጫፍ ወደ ላይ ሲያመለክት ወደ ላይ የሚወጡት ያልፋሉ፤ ወደ ታች ሲያመለክት ተራው የወራጆቹ ነው። ወደ ላይ የሚወጣ መርከብ ውሃው ፊት ለፊት ስለሚገፋው ዝግ ብሎ ሊጠብቅ ይችላል። ወራጁ ግን አንዴ ከሸለቆው ከገባ በኋላ ጅረቱ ይዞት ስለሚሮጥ ላቁም ቢል አይቆምለትም። አንድ ቀስት በስሕተት ቢዞር ምን እንደሚከተል ለወታደር ማስረዳት አያሻም።

ባለቤታቸው ከጣቢያው በታች ባለው መንደር ይኖሩ ነበር። ሩዝና አትክልት ተሸክመው ደረጃውን እየወጡ ያደርሱላቸዋል። የቀረውን እርሳቸው ራሳቸው ነገሩን።

«የመጀመሪያ ልጃችን ገና ዓመት አልሞላትም። አንድ ሌሊት ትኩሳት ያዛት፤ እንደ ፍም ነደደች። ሐኪም ያለው ዉሻን ነው፤ ወደ ላይ። ጎህ ሲቀድ አዝያት ወደ ውሃው ወረድኩ። ጎረቤት በጀልባው ወስዶ ወደ ላይ ከሚወጣ መርከብ ላይ አሳፈረኝ። መርከቡ ግን ቆሟል። ለምን አይሄድም ብዬ ቀና ብል ቀስቱ ወደ ታች ያመለክታል። ቀስቱን የሰቀለው የልጅቷ አባት ነው።»

«አይተዋቸው ነበር?» ብለን አዛውንቱን ጠየቅናቸው።

«አይቻቸዋለሁ» አሉ። «የታዘለችበትን ጨርቅ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ከላይ ሁለት ወራጅ መርከቦች ከመታጠፊያው ገብተዋል። እነርሱን የማየው እኔ ብቻ ነኝ። እርሷ ካለችበት አይታዩም።»

«አርባ ደቂቃ» አሉ ሚስትየው። «አርባ ደቂቃ ሙሉ ያንን ቀስት እያየሁ ቆምኩ። ልጅቷ ማልቀስ አቁማ ነበር። ከዚያ ሁለቱ መርከቦች ተከታትለው አለፉ፤ ቀስቱ ዞረ፤ እኛም ሄድን። ዳነች። ይህን የጉብኝት ቲኬት የገዛችልንም እርሷው ናት። ትክክል መሥራቱን መርከቦቹ ሲያልፉ ባየሁ ጊዜ ያኔውኑ አውቄአለሁ። ቢሆንም ለሦስት ወር አላነጋገርኩትም።»

«አራት ወር ነው» አሉ ባልየው፣ ዐይናቸውን ከገደሉ ላይ ሳያነሡ።

ከሦስታችን ሁለታችን ባለትዳሮች ነን። ተያየን፤ የተናገረ ግን አልነበረም። በጦር ሰፈር የሚኖር ባለትዳር ሁሉ ከእንዲህ ያለው ማለዳ ጋር የሚመሳሰል አንድ ቀን አያጣም። ባልየው ስለ ግዳጁ ያወራዋል፤ ሚስትየዋ ግን ቀና ብላ ቀስቱን እያየች የቆመችበትን አርባ ደቂቃ ማን ይጠይቃታል? እኛም እስከዚያን ቀን ጠይቀን እንደማናውቅ ማመን አለብን።

አዛውንቱና ባለቤታቸው የዉሻን ሰዎች ናቸው። በ2003 ግድቡ ውሃ መያዝ ሲጀምር አሮጌው የዉሻን ከተማ ከነመንደሮቹ ከውሃ በታች ሆነ፤ አዲሱ ከተማ ከበላይ ተሠራ። ከአካባቢው ነዋሪ ከመቶ ሺህ በላይ የሚሆነው ደግሞ ወደ ሌሎች ክፍላተ ሀገር እንዲሄድ ተደርጎ ነበር፤ እነርሱም ከነዚሁ ጋር ወደ ደቡብ፣ ወደ ጓንዶንግ ሄዱ። ወንዙ ሰፍቶ ጥልቅ ስለሆነና ስለ ረጋ ብዙዎቹ የምልክት ጣቢያዎች ሥራቸው ቀረ። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተው አሁን የመጡት ያን ጣቢያ ከውሃ ላይ ሆነው ለማየት ነው።

በድምፅ ማጉያው «በግራ በኩል ንግሥተ ሰማይዋ ጫፍ!» የሚል ጥሪ ተሰማ። ሴት ቆማ የምትመስለው ይህች ዓለት በሸለቆው ውስጥ ካሉት ሁሉ ዝነኛዋ ናት። ሰዉ ተግተልትሎ ወደ ግራ ሲሮጥ መርከቡ ያጋደለ እስኪመስለን ድረስ በቀኝ በኩል የቀረነው አምስት ሰዎች ብቻ ነበርን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዛውንቱ በጣታቸው አመለከቱ። ኖራ የተቀባች ትንሽ ቤት ናት። ጣሪያዋ ጎብጧል፤ ምሰሶው የለም። «ያኔ ከውሃው እስከ በሯ ሦስት መቶ ደረጃ ነበር» አሉ። አሁን ውሃው ከደጃፏ ሥር ደርሷል። መርከቡ ዞር አለና ገደሉ ሸፈናት። ያየናት ለአራት ደቂቃ ያህል ነው። ሚስትየው መነጽራቸውን ጠርገው እስኪያደርጉ ድረስ ግማሹ አልፏል።

ከሰዓት በኋላ በትናንሽ ጀልባዎች ወደ አንድ ገባር ወንዝ ገብተን፣ በጥንት ጊዜ ጀልባ በገመድ ይጎትቱ የነበሩ ሰዎች እንዴት ይሠሩ እንደ ነበር ለቱሪስት ሲያሳዩ ተመለከትን። በቀርከሃ ገመድ ታስረው፣ ከገደል በተፈለፈለ ጠባብ መንገድ ላይ ጎንበስ ብለው፣ መሪው በዜማ ሲጠራ እየተቀበሉ ይጎትቱ ነበር። እውነተኛው መንገድ ከውሃ በታች ነው። ትርኢቱ ጥሩ ነበር፤ ልባችን ግን እዚያ አልነበረም።

ሦስተኛውን ሸለቆ ሺሊንግን ያለፍነው ሲመሽ ነው። በዚህ ቦታ ሺንታን የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። በላይዋ ያለው ተራራ መሰንጠቁን ሲከታተሉ የቆዩ ሰዎች በጊዜ ስላስጠነቀቁ 1,371 ነዋሪዎቿ ወጡ። በጁን 12 ቀን 1985 ተራራው ተንዶ ከተማዋን ይዟት ወደ ወንዙ ገባ። ከነዚያ ነዋሪዎች የሞተ አልነበረም። አዛውንቱ ይህን ሲነግሩን ድምፃቸው ከፍ አለ።

ከእኩለ ሌሊት በፊት ወደ ግድቡ መተላለፊያ ደረስን። መርከቦች የሚወርዱት አምስት ደረጃ ባላቸው ግዙፍ የውሃ ገንዳዎች ነው፤ የያንዳንዱ ገንዳ ርዝመት 280 ሜትር፣ ስፋቱ 34 ሜትር ነው። መርከቡ ከሌሎች ሦስት መርከቦች ጋር ይገባል፤ በስተኋላ የብረቱ በር ይዘጋል፤ ውሃው ቀስ ብሎ ይጎድላል፤ እርጥቡ ግንብ በመስኮታችን ፊት ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ የፊተኛው በር ተከፍቶ ወደሚቀጥለው ይገባል። አራት ሰዓት ያህል ፈጀብን። ከ2016 ጀምሮ አነስተኛ መርከቦችን ከነውሃው አንሥቶ የሚያወርድ ሊፍት ተሠርቷል፤ የኛው ግን አልፈለገውም።

ግድቡን በማግሥቱ ከኮረብታ ላይ አየነው። ሥራው የተጀመረው በ1994 ነው። ርዝመቱ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ፣ የማመንጨት ኃይሉ 22,500 ሜጋዋት ሲሆን፣ በዓለም ላይ ካሉት የኃይል ማመንጫዎች ሁሉ ትልቁ ነው። በ2025 ከተመረቀው ከኛው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ጋር ሲነጻጸር ከአራት እጥፍ ይበልጣል። ለምን ተሠራ ቢባል መልሱ መብራት ብቻ አይደለም። በ1954 ወንዙ ሞልቶ ከ30 ሺህ በላይ ሕዝብ ፈጅቷል። በ1998ም ጎርፉ በመጣ ጊዜ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮች በግድግዳው ላይ አሸዋ በከረጢት እየተሸከሙ፣ ሲብስም በገዛ አካላቸው ሰንሰለት ሠርተው ታግለዋል። አሁን ክረምት ከመግባቱ በፊት የውሃው ከፍታ ከ175 ሜትር ወደ 145 ሜትር እንዲወርድ ይደረጋል፤ ለጎርፉ ባዶ ቦታ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። 1.3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ከቤቱ ተነሥቷል። ዕቅዱ በ1992 ለአገሪቱ ምክር ቤት በቀረበ ጊዜ 1,767 ሲደግፉ፣ 177 ተቃወሙ፣ 664 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፤ በዚያ ምክር ቤት እንዲህ ያለ መለያየት የተለመደ አይደለም። ወንዙም የራሱን ከፍሏል። ባይጂ የሚባለው የያንግትዜ ነጭ ዶልፊን በ2006 ለስድስት ሳምንት ተፈልጎ አንድም አልተገኘም። ለዚህ ያበቃው ግን አንዱ ግድብ ብቻ ሳይሆን ዓሣ ማጥመዱና የመርከቡ ብዛት ጭምር ነው። ከ2021 ጀምሮ በወንዙ ላይ ለአሥር ዓመት ዓሣ ማጥመድ ተከልክሏል።

አስጎብኚያችን ቁጥሮቹን ሁሉ በቃሏ ታውቃለች። አዛውንቱን ስለ ግድቡ ምን ያስባሉ ብለን ብንጠይቃቸው ለረጅም ጊዜ ቁልቁል ሲመለከቱ ቆዩና «ከእንግዲህ መርከብ ከመርከብ አይጋጭም» አሉ። ሚስትየው ምንም አላሉም።

ይቻንግ ስንደርስ ቡድኑን ወደ ባቡር ጣቢያ የሚወስደው አውቶቡስ ተዘጋጅቶ ጠበቀን። አስጎብኚያችን ሰው ስትቆጥር ሁለት ጎደሉ። ወርደን ብንፈልግ አዛውንቱንና ባለቤታቸውን ከቲኬት መሸጫው መስኮት ፊት አገኘናቸው። መርከቡ በዚያው ምሽት ወደ ቾንግቺንግ ይመለሳል፤ እነርሱም የመመለሻ ቲኬት እየገዙ ነበር። አስጎብኚያችን ደንግጣ «እናቴ፣ ያው አንድ ወንዝ አይደለም? አሁን አላያችሁትም?» አለቻቸው።

«የኔ ልጅ፣ አሁን ያየሁት ስወርድ ነው» አሉ ሚስትየው። «እኔ ያን ቀስት ያየሁት ስወጣ ነበር።»

ባልየው የተመለሰላቸውን ገንዘብ ሁለት ጊዜ ቆጥረው ከኪሳቸው ከተቱ። ከዚያም ፔርሙዙን ከባለቤታቸው እጅ ተቀብለው ሙቅ ውሃ ሊያስሞሉ ሄዱ።